ፀሐይን የቀደመው የመትወሊ ሬዲዮ

በእኛ መንደር መሬት ላይ የሚውል ወንድ፣ ወንድ አይባልም። ይህን ማንም አላወጀውም፤ ያልታወጀ ሕግ ደግሞ ይግባኝ የለውም። አባይ ጭቃውን ተሸክሞ ባሕር የሚገባበት አፍ ላይ፣ ከረሺድ ትንሽ ወረድ ብለው የተቀመጡት ሁለት መቶ ቤቶች ሰውን የሚለኩት ስሙ ባሕር ላይ በመጠራቱ ነው። ቢይዝ ባይዝ፣ ቢዋሽ ባይዋሽ ግድ የላቸውም። ስሙ ይጠራ እንጂ።

የጠጋኙ የኡስታ መትወሊ ስም ሃያ ሁለት ዓመት ተጠርቷል። በጀልባ አለቃው በረይስ ዐጥዋ ሥር መረብ ሲጎትት፣ ሞተር ሲጠግንና ሲሰደብ ኖሮ፣ አንድ የክረምት ጠዋት ወገቡ ቀጭ አለ። ሐኪሙ «ባሕር ይቅርብህ» አለው። ከዚያ ወዲያ መንደሩ ያስቀመጠው መረብ ከሚጠግኑት ሽማግሌዎችና ከድመቶቹ ጎን ነው። ድመቶቹ እንኳ ዓሣ ሲወርድ ቅድሚያ ነበራቸው።

ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ የተዘጋ ነገር ሲያይ መክፈት ይወዳል። እያንዳንዱ ጀልባ አንድ የእጅ መገናኛ ሬዲዮ ነበረው፤ ከእስክንድርያ ገበያ በርካሽ የተገዛ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ርቀት የሻጩን መሐላ ያህል ረጅም ሲሆን፣ ሬዲዮው ግን ከወደቡ ግንብ አልፎ መስማት የሚሰለቸው ዓይነት ነው። መትወሊ አንዱን ወሰደና ሚስቱ ምግብ በምታቀርብበት ክብ ጠረጴዛ ላይ ገነጣጠለው። አጭሯን አንቴና ጣለ። ከአሮጌ የቴሌቪዥን ገመድ መዳብ ገፍፎ በፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ውስጥ ከተተና ምሰሶ ላይ የሚሰቀል ረጅም አንቴና ሠራ። ሬዲዮው ደካማ ድምፅ ሲመጣበት «ጩኸት ነው» ብሎ በሩን የሚዘጋበት ክፉ ጠባይ ነበረው፤ ያንን አላላለት። ባትሪውን ከሞቱ ኮምፒውተሮች በለቀማቸው ባትሪዎች ለወጠ። ስንጥቁን ሁሉ ጨው እንዳይገባው በሻማ ደፈነ።

«አንተ ሰውዬ» አለች ሚስቱ ኡም ሸውቂ፣ «ሞሎኪያው ወጥ ውስጥ የብየዳህ ፍንጣሪ ገብቷል።»

«ብረት ለደም ጥሩ ነው ይላሉ።»

«እንግዲያው አንተው ብላው! የደም ችግር ያለብህ አንተ ነህ።»

በላው። ሰው ዓላማ ሲይዝ እንዲህ ነው።

ዓላማው ደግሞ አንድ ወንበር ነበር። የበረዶ ሻጩ ገሪብ ሱቅ ፊት የምትቀመጥ ፕላስቲክ ወንበር ናት፤ አንድ እግሯ በሽቦ ታስሯል። ሥልጣን ሁሉ ሲጠጉት እንዲሁ ነው። እዚያች ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የመሬቱን ሬዲዮ ይይዛል፤ ጀልባዎቹን ይጠራል፤ ይጠሩታል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ፣ ሬዲዮውን ወደ መስጊዱ ሚናራ ድምፅ ማጉያ ቀና ያደርግና ባሕር ላይ ያሉት አዛኑን ሰምተው ያፈጥራሉ። ችግሩ የገሪብ ሬዲዮ ወደ ሩቁ ማጥመጃ አይደርስም። እዚያ ያሉት የሚያፈጥሩት አንድ ሥጋ ሻጭ በነጻ በሚያድለው፣ ለካይሮ በታተመ የጾም ሰዓት ሠንጠረዥ ነበር። ከሥሩ በጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል ለሌላው አገር ስንት ደቂቃ እንደሚጨመር ተጽፏል። ሁሉም የየራሱን ይጨምራል። በአንዲት ጀልባ ሰባት ሰው፣ አምስት የእጅ ሰዓት፣ ዘጠኝ መግሪብ።

ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ረይስ ዐጥዋ በረዶ ሊጭን ገሪብ ሱቅ መጥቶ መትወሊን የሠራውን ሬዲዮ ይዞ አየው።

«ኡስታ፣ ሩቁ ቦታ የምንወጣውን የሦስቱን ጀልባ ሬዲዮ እሰጥሃለሁ። የመጀመሪያው ቀን ጾም ሩቁ ቦታ ሆኜ አዛን ካሰማኸኝ ወንበሩ ያንተ ነው።»

«ካላሰማስ?» አለ ገሪብ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ።

«ካላሰማ ድጋሚ ሬዲዮ እንዳይነካ። ወደ ድመቶቹ ይመለስ።»

«ድመቶቹ ይስማማሉ ወይ?»

መትወሊ መብየጃውን አነሣ። የሦስቱን ጀልባ ሬዲዮ ሠራ፤ የገሪብንም ጨምሮ ሠራና አንቴናውን የበረዶ ሱቁ ጣሪያ ላይ አቆመው። ኡም ሸውቂ ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ መሬት ላይ አቀረበች።

የመጀመሪያው ቀን ሙቀቱ ድንጋይ ያስለቅስ ነበር፤ ባሕሩም እንደ ትሪ ተዘርግቷል። ማታ ላይ መንደሩ ግማሹ የገሪብ ሱቅ ፊት ተሰበሰበ፤ ግማሹ መትወሊ ሲሳካለት፣ ግማሹ ሲዋረድ ሊያይ። የኛው ሙአዚን ሼኽ ድሱቂ ሚናራው ሥር ቆመው ሰዓታቸውን ይመለከታሉ። አራት ደቂቃ ይቀራል። መትወሊ በላብ የራሰ እጁን በጋላቢያው ቀሚሱ ጠርጎ፣ ባትሪ እንዳይበላ ዘግቶት የቆየውን ሬዲዮ ከፍቶ ቀና አደረገ።

ሬዲዮው ሳል ሳል አለና የረይስ ዐጥዋ ድምፅ ወጣ፤ አፉ ሙሉ ነው።

«መትወሊ! እጅህ ይባረክ! እንዴት ያለ አዛን ነው ያሰማኸን! የሼኹን ጉሮሮ ሳይቀር ጠገንከው!»

 ሼኽ ድሱቂ ሰዓታቸውን አዩ፤ ሬዲዮውን አዩ።

«ማን ነው አዛን ያለው?»

«እርስዎ ነዎት ይላሉ» አለ ገሪብ፣ ፊቱ እንደ ዒድ በርቶ።

«እኔማ ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም።»

መትወሊ ቁልፉን ጨምቆ ጮኸ። «ረይስ፣ ገና ነው! አትብሉ!»

«ምኑን ነው የማንበላው? ሦስተኛዋ ተምር ላይ ነን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ሲረጋና አየር ሲሞቅ የሬዲዮ ድምፅ ውኃው ላይ እንደ ዘይት ይንሸራተታል። በስተ ምሥራቅ፣ ብዙ ርቆ፣ ዲምያጥ አለ። እነሱም ሬዲዮ ወደ ሚናራ ቀና የሚያደርግ ሰው አላቸው፤ ቻናሉም ያው የዓሣ አጥማጁ ሁሉ ቻናል ነው። ፀሐይ ደግሞ ማንንም ሳታስፈቅድ ዲምያጥ ላይ አምስት ደቂቃ ቀድማ ትጠልቃለች። የገሪብ ዓይነት ደንቆሮ ሬዲዮ ቢሆን ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር። ጥፋቱ የመትወሊ ሬዲዮ መልካም መሆኑ ነው።

ደቂቃው ሲሞላ ሼኽ ድሱቂ ሚናራው ላይ ወጥተው በዚያው በደረቀ የጉድጓድ መዘውር ድምፃቸው አዛን አሉ። ባሕር ላይ አሥራ ዘጠኝ ሰው ሁለተኛውን መግሪብ አፉን ሞልቶ ሰማ።

በነጋታው የበረዶ ሱቁ ችሎት ሆነ።

«ዐጥዋ» አሉ ሼኹ፣ «ስታፈጥሩ ፀሐይዋ የት ነበረች?»

«ከውኃው በላይ ነበረች፣ ሼኻችን።»

«ምን ያህል?»

ረይስ ዐጥዋ ጣቱን አጋድሞ አሳየ። «ይቺን ታህል።»

«ታያት ነበር?»

«ክብ ሆና፣ ቀልታ። እኔም ልጆቹም እያየናት ነው የበላነው።»

«ታዲያ?»

«ሬዲዮው ጠልቃለች አለና።»

ሼኽ ድሱቂ በሱቁ በር ወደ ሰማይ አዩ። አባቶቹ በኮከብ መንገድ ያገኙ የነበረ ሕዝብ፣ ፀሐይ ፊቱ ቁጭ ብላ እያየችው፣ ከቱቦና ከሻማ የተሠራ ዕቃ አምኖ ዓይኑን የካደበት ቀን ነው። ይህን ግን አላሉም፤ ጾመኛ ናቸውና። «አሥራ ዘጠኛችሁም ከዒድ በኋላ ለተበላሸው ጾም አንድ አንድ ቀን ቀዷ ታወጣላችሁ» ብለው ተነሡ።

ረይስ ዐጥዋ ወደ መትወሊ ዞረ። «ሃያ ሁለት ዓመት አብረኸኝ ሠርተሃል፤ አንድ ቀን ጾሜን አስበልተኸኝ አታውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ባሕር ላይ አይጠራም።»

«ሬዲዮዎቹን ልፍታቸው» አለ መትወሊ፣ መሬት መሬት እያየ።

ሦስቱም ረይሶች በአንድ ድምፅ «አይሆንም!» አሉ። ለካ ሌሊቱን የዲምያጥ ሰዎች ሰርዲኑ የት እንደወረደ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ አድምጠው፣ እዚያው ደርሰው፣ ጀልባቸውን ሞልተው ነው የተመለሱት። ሃይማኖት ተጎድቷል፤ ንግድ ግን ደኅና ነበር።

ስለዚህ ቅጣቱ ሌላ ሆነ። መትወሊ ረመዳኑን ሙሉ ያችው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የዲምያጥ አዛን በመጣ ቁጥር በላዩ ላይ ጮኾ ያስጠነቅቃል፤ ጀልባዎቹ ሁሉ ማፍጠራቸውን ሳይናገሩ እሱ ውኃ አይቀምስም። ገሪብ ወንበሯን ሲያስረክብ «እግሯን ተጠንቀቅ» አለው። መትወሊ የተመኛትን ወንበር አገኘ፤ ስሙን አጣ። ጀልባዎቹ ሲፈልጉት «የመሬቱ!» ብለው ይጠሩታል፤ ውሻ እንኳ ከዚያ የተሻለ መጠሪያ አለው።

ዐሥራ አንድ ማታ እንዲህ አለፈ። የዲምያጡ ባለ መረዋ ድምፅ «አላሁ አክበር» ሲል መትወሊ «ገና ነው! የኛ አይደለም! አትብሉ!» ይላል። አሥራ ዘጠኝ ሰው ተምሩን ይዞ ይጠብቃል።

በዐሥራ ሁለተኛው ማታ ባሕሩ እንደገና ትሪ ሆነ። መትወሊ ጮኸ። ወዲያው የማያውቀው ድምፅ መለሰ፤ ከዲምያጥ ወገን ነው፤ ተቆጥቷል።

«ማነህ አንተ አትብሉ የምትል? የጎረስኩትን አስተፋኸኝ እኮ! ጀልባዬ ላይ ስምንት ሰው አፉን ከፍቶ ቆሟል! መንግሥት ነህ ወይስ ምንድነህ?»

መትወሊ ቁልፉ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ምን ነኝ ይበል? «የመሬቱ ነኝ» ይበል? ሬዲዮው ሽሽሽ አለ። ከዚያ ከሩቁ ማጥመጃ ሌላ ድምፅ ገባ።

«ኡስታ መትወሊ ነው» አለ ረይስ ዐጥዋ። «የኛ ሰው ነው። እናንተ ብሉ፣ ለእናንተ ደርሷል።»

ገሪብ በረዶ ይሰብርበት የነበረውን ብረት አስቀመጠ። መትወሊ ወገቡን ይዞ ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ ወንበሯ ሲጥ አለች፤ አልወደቀችም።

«መትወሊ» አለ ረይስ ዐጥዋ እንደገና፣ «ለኛስ ስንት ደቂቃ ቀረን?»

«አራት፣ ረይስ።»

ፀሐይዋ ከረይሱ ፊት ለፊት፣ ከውኃው በላይ ቁጭ ብላ ትታየው ነበር።