የኦቾሎኒው ኪሎ

ማናንግ ፔታንግ ቁጡ ናት፤ «ማናንግ» በእኛ ዘንድ «እትዬ» እንደማለት ነው። የመንደራችን ጤና ረዳት ሆና ሃያ ሁለት ዓመት ሕፃናትን ከማንጎው ዛፍ ላይ በሰቀለችው ሚዛን ስትመዝን ኖራለች፤ እንዴት አትቆጣ?

ሚዛኑ ይዋሻል። ዓመት የሞላትን የልጅ ልጄን ጄሪሊንን በአንድ እጇ፣ ስድስት ኪሎ ሩዝ የያዘ ከረጢት በሌላ እጇ አንሥታ፣ «ይቺ ከስድስት ኪሎ አትበልጥም!» አለችኝ። ሚዛኑ ግን ሰባት አለ። የከተማው ምግብ እርዳታ ቤት የሚያምነው የሚዛን ወረቀት ብቻ ነው፤ ልጅቷ እጄ ላይ እየመነመነች «ደህና ናት» ብለው መለሱን።

ማናንግ ፔታንግ አዲስ ሚዛን ስትጠይቅ የመንደሩ ሹም ካፕ ኤልፒዲዮ፣ «መጀመሪያ ቤንችማርኪንግ እንሂድ» አላት። ቃሉ ደግ ነው። ከሚሻልህ ጎን ቆመህ ጉድለትህን መለካት ማለት ነው። የኛዎቹ የምክር ቤት ሰዎች ግን ብርዳማዋ ደጋ ከተማ ባጊዮ ወጥተው ሹራብ ለብሰው ፎቶ መነሣት አደረጉት።

በአምስተኛው ቀን ተመለሱ። ካፕ ለማናንግ ከጉዞው ያመጣላትን የታሸገ አንድ ኪሎ ኦቾሎኒ ሰጣትና ፎቶውን አሳያት። ሁሉም አዲስ የሕፃን ሚዛን ከበው ጥርሳቸውን ያሳያሉ።

«ከየት እንደገዙት ጠየቃችሁ?»

«እሱን እንኳ... ምሳ ደርሶ ነበር፣ ማናንግ።»

«ላም አለኝ በሰማይ! እኔ እዚህ ልጅ በሩዝ እለካለሁ፣ እናንተ እዚያ ትስቃላችሁ!»

ሕዝቡ ተሰብስቧል። ማናንግ ኦቾሎኒውን ከነማሸጊያው ሕፃናት የሚመዘኑበት የሚዛኑ ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው። መርፌው ሁለት ላይ ቆመ።

«ካፕ፣ ያንብቡልኝ። እሽጉ ላይ ስንት ይላል?»

«አንድ ኪሎ።»

«ሚዛኑስ?»

«ሁለት።»

ኦቾሎኒውን አውጥታ ጄሪሊንን አስገባች። ሰባት።

«ከሰባት ላይ ውሸቱ ሲነሣ?»

«ስድስት» አለ፤ አንገቱን ደፍቶ።

«በእጅዎ ይጻፉት። ይፈርሙበትም። ቤንችማርኪንግ ይሄ ነው!»

ፈረመ። እኔ ወረቀቱን ይዤ በዚያው ቀን ከተማ ወረድኩ፤ የልጅ ልጄን ተቀበሏት። አሁን ጉንጭ አውጥታለች።

ኦቾሎኒውን የበላው የለም፤ ማናንግ የሚዛኑን ውሸት ለማወቅ ከእያንዳንዱ ሕፃን በፊት ትመዝነዋለች። አዲሱን ሚዛን በተመለከተ ምክር ቤቱ ባለፈው ሳምንት ተሰብስቦ ወስኗል። ሁለተኛ ቤንችማርኪንግ ያስፈልጋል አሉ።