አንድ ሸክላ፣ ሁለት ማጉያ

ፍኖተ ሰላም በመጣሁ በአራተኛው ዓመት ነው። ጠዋት ጠዋት ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በተከራየሁት ቤት ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። አንድ ቅዳሜ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ሸክላ ማጫወቻ ከነሸክላው በጋቢ ጠቅልለው ከቡሬ ድረስ መጡ።

ባለቤታቸው ልጃገረድ ሳሉ የኪነት ቡድን አባል ነበሩ። ቡድኑ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄዶ፣ አንድ ዘፋኝ ሸክላ ሲያስቀርፅ በተቀባይነት ዘፍኗል። ሸክላው ሲወጣ ግን እሳቸው አገራቸው ተመልሰው፣ አግብተው፣ ማጫወቻ የሚባል ነገር ከሌለበት ገጠር ገብተዋል። የራሳቸውን ድምፅ ሳይሰሙት አረጁ። መምህሩ በየሄዱበት ያንን ሸክላ ሲያጠያይቁ ኖረው፣ በመጨረሻ አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው መርካቶ ከአሮጌ ዕቃ መሀል አግኝቶ ከነማጫወቻው ላከላቸው። ልጃቸው በገዛላቸው ስፒከር ላይ ሰክተው ሲከፍቱት የወጣው ድምፅ የትንኝ ሆነ።

“ባለቤቴ፣ ‘ይተዉት፣ ድሮም እንዲህ ቀጫጭን ነበርን’ አለችኝ” አሉ መምህሩ። “እኔ ግን አላመንኳትም።”

አለማመናቸው ልክ ነበር። ማጫወቻው ምንም አልሆነም። ሸክላ ሲቀረፅ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ አለዚያ ወፍራሙ ድምፅ በሸክላው ላይ የሚቀረፀውን መስመር እያሰፋ ከጎረቤቱ መስመር ያጋጨዋል። ስለዚህ ሲጫወት የተቀነሰው መመለስ፣ የተጨመረውም መውረድ አለበት። ከመርፌው የሚመጣው ምልክት ደግሞ እጅግ ደካማ ስለሆነ መጎልበት ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ቅድመ ማጉያ ነው። የድሮዎቹ ማጉያዎች በሆዳቸው ይዘውት ይመጡ ነበር፤ የዛሬው ስፒከር የለውም። ይህን ስነግራቸው መምህሩ ትንሽ አሰቡና፣ “እንግዲያው ቀራጩ የቋጠረውን የሚፈታ ነው የጠፋው” አሉ። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን ለተማሪዎቼ አላገኘሁም።

አንድ ሠርቼ ብሰጣቸው ይበቃ ነበር። እኔ ግን ለዓመታት በመጽሐፍ ብቻ የማውቀውን ነገር በእጄ የምሞክርበት ሰበብ አገኘሁና ሦስት ዓይነት ሠራሁ። የመጀመሪያው በሁለት ትራንዚስተር የተሠራ ነው፤ ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነበር። ስከፍተው ከዘፈኑ ሥር የሬዲዮ ዜና ይሰማል። ሽቦውን ባሳጥር፣ በቆርቆሮ ብሸፍነው ዜና አንባቢው አልሄድ ስላለኝ ተውኩት። ሁለተኛው ብዙ ትራንዚስተር በሆዷ በያዘች በአንዲት ትንሽ አይሲ ላይ የቆመ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ጸጥ ያለ ነው። ሦስተኛውን የሠራሁት ከአንድ አሮጌ ሬዲዮ በነቀልኳቸው፣ በትራንዚስተር ፈንታ ድምፅ በሚያጎሉ ሁለት አምፖሎች ነው። አምፖሎቹ ሲግሉ ቀላ ይላሉ፤ ድምፁም ወፍራምና ለስላሳ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ ወዲያው ወደ ሦስተኛው አደላ። ለሳምንት ያህል ከሥራ እየሮጥኩ እየመጣሁ እሱን ብቻ ስሰማ ከረምኩ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሁለቱን ከማጫወቻውና ከሸክላው ጋር ይዤ በማንኩሳ በኩል ቡሬ ሄድኩ። ባለቤታቸው የአዊ ተወላጅ ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸው ቁጥብ። ሰላምታ ሰጥተውኝ በርበሬ መቀንጠሳቸውን ቀጠሉ። ሁለቱን ሣጥኖች ነጠላ አልብሼ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳልነግራቸው አዘጋጀሁ። የድምፃቸውንም መጠን እኩል አደረግሁ፤ ጎላ ብሎ የተከፈተው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና።

በመጀመሪያ ያሰማኋቸው የአምፖሉን ነበር። መምህሩ በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማሩ ሰው ናቸው። አይሲውንም ካዳመጡ በኋላ፣ ፊተኛው እንደ ዕዝል ወፍራም፣ ኋለኛው እንደ አራራይ ቀጭን መሆኑን ተናገሩ፤ የእሳቸው ምርጫም ያለ ጥርጥር ዕዝሉ ነው። እኔም በልቤ ደስ አለኝ። ባለቤታቸው ግን ኋለኛውን እንድደግመው ጠየቁ። ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ የበርበሬውን ሰፌድ አስቀምጠው፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወደ ስፒከሩ ተጠጉ። ተቀባዮቹ ሲገቡ አብረው ማጨብጨብ ጀመሩ፣ በጣም በቀስታ። ያኔ እኔም ሰማሁት። ከሴቶቹ ጭብጨባ መሀል አንዷ የፀጉር ስንጣቂ ያህል ትዘገያለች።

“ያቺ የምትዘገየዋ እኔ ነኝ” አሉ።

መምህሩ ቀና ብለው አዩዋቸው። ባለቤታቸውም ቆመው እንዳሉ ይነግሩን ጀመር። ያን ቀን ከሁሉም ታናሽ ስለነበሩ መጨረሻ ላይ፣ በሩ ሥር ነበር ያቆሟቸው፤ ከፊታቸው አንድ ረጅም ከበሮ መቺ ስለነበር ጭብጨባውን የምትመራዋን አያዩዋትም። ስለዚህ የጎረቤታቸውን እጅ እያዩ ያጨበጭባሉ። ቀራጩ ሁለት ጊዜ አስቁሞ ማን እንደምትዘገይ ጠየቀ፤ ጓደኞቻቸው ሁሉም ያውቃሉ፣ አንዷም አልተናገረችም። ሲመለሱ አውቶብስ ውስጥ ይህን እያነሱ እስከ ደምበጫ ሳቁ። ባለቤታቸው ይህን ሲያወሩ ራሳቸውም እየሳቁ፣ በመሀል በአገውኛ አንድ ነገር ለራሳቸው አጉተመተሙ።

“ምነው ይህን ሁሉ ዘመን አልነገርሽኝም?” አሉ መምህሩ።

“ሸክላው ተበላሽቷል ብዬ አፍሬ እኮ ነው። በእኔ የተነሳ።”

መምህሩ ተነሥተው መርፌውን በራሳቸው እጅ ወደ ዘፈኑ መጀመሪያ መለሱት።

ማጫወቻውን ከነሸክላው ለጥቂት ቀን ተውሼ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ የከነከነኝ የራሴ ጆሮ ነበር። የአምፖሉን ለሳምንት ሰምቼው ያቺን ጭብጨባ አላገኘኋትም። ኮሌጅ ወስጄ ስለካው ስህተቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ካፓሲተር ከሚገባው በላይ ትልቅ ስለነበር ቀጭኑን ድምፅ ከልክ በላይ ይቆርጠዋል። ሳምንት ሙሉ ስወደው የከረምኩት ጥፋቴን ነበር። ብቻዬን ሳቅሁ። ካፓሲተሩን ቀይሬ ሳዳምጠው ጭብጨባዋ ከአምፖሉም ጥርት ብላ ወጣች።

ሁሉንም ይዤ እንደገና ቡሬ ወረድኩ። የታረመውን ከፈትኩላቸው። መምህሩ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙና አንገታቸውን ነቀነቁ። “ልጄ፣ ትክክል ነው ካልሽ ትክክል ነው” አሉ። “ግን የእኔን መልሽልኝ።”

ባለቤታቸው ከት ብለው ሳቁ። እኔ ስለ ልኩ ላስረዳቸው ብጀምርም፣ ባለቤታቸው፣ “ተዪአቸው፤ የእኔንም ንግግር የሚሰሙት እንደዚያው ለስልሶላቸው ነው” ሲሉ ክርክሬን ተውኩ። የመበየጃ ካውያዬን አውጥቼ እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ የተሳሳተውን ካፓሲተር መለስኩት። ከዚያም ሁለቱን ማጉያዎች ጎን ለጎን አስሬ መቀያየሪያ አስገባሁላቸው፤ ወደ ግራ ሲሉት የመምህሩ፣ ወደ ቀኝ ሲሉት የባለቤታቸው።

ያን ቀን ምሳ እንኳ ሳንበላ ሸክላውን ስንት ጊዜ እንደገለበጥነው አላስታውስም። ባለቤታቸው ሌሎቹን ተቀባዮች አንድ በአንድ በድምፃቸው እየለዩ፣ የቷ የት እንደተዳረች፣ የቷ ገበዝ ማርያም እንደምትኖር ነገሩን። እኔ የመጨረሻውን ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ስነሣ፣ መምህሩ ገበዝ ማርያም የምትኖረውን ሴት ስልክ ከማን እንደሚያገኙ ባለቤታቸውን እየጠየቁ ነበር።