ያ ጩኸት የማን ነበር

ሙዚቃውን መጀመሪያ የሰማሁት ጀለቢያ ከሚሰፋ ሰው ሱቅ ውስጥ ነው። የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ መተማ ከተመደብሁ ጥቂት ወራት አልፈው ነበር። ምደባው በዕጣ ነው። ሌሎች የሩቅ ቆላ ሲደርሳቸው አለቀሱ፤ እኔ ካርታ ከፍቼ ከተማዋ ከሱዳኗ ጋላባት ያላት ርቀት በካርታው መስፈሪያ ሊለካ የማይችል መሆኑን አረጋገጥሁና ሻንጣዬን ዘጋሁ። ለሙቀቱ የሚሆን ልብስ ግን አልያዝሁም ነበር፤ ልብስ ሰፊው ዘንድ የሄድሁትም ለዚሁ ነው።

ሰውየው ብዙ ዘመኑን ገዳሪፍ የኖረ፣ በዕድሜ አባቴን የሚያህል ነበር። ጨርቁን እየቆረጠ ሳለ ቴፑ ውስጥ የነበረው የሱዳን ዘፈን አለቀና ካሴቱን ገለበጠው። በዚያኛው ገጽ የነበረው ግን የሱዳን ዘፈን አልነበረም። ጊታር ቀደመ፤ ሻካራ፣ ብረት በብረት ላይ እንደሚጎተት። ከዚያ ከበሮው ገባ፤ ከዚያም አንድ ድምፅ ከደረት ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ፤ እዚህ ላይ ያበቃል ካልሁበት ቦታ አልፎም ወጣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቲቸር» አለ ልብስ ሰፊው፣ እጁን ወደ ማጥፊያው እየሰደደ። «ይቺ የከዋጃ ነገር ናት። የስደተኛ ካምፕ ፈረንጆች ጥለዋት ሲሄዱ ገዳሪፍ ገበያ ላይ አገኘኋት። ግማሿን ቀድቼባት ግማሿ ቀረች። ሙዚቃ እንኳ አይደለችም፤ ዘይት ያለቀበት ትራክተር ናት።»

«አያጥፉት።»

«ወላሂ?»

«አያጥፉት አልሁ።»

ካሴቱን ከነሣጥኑ ሰጠኝ። እሱ እንደሚያስበው ከአንድ ጭንቅ ገላገልሁት። በሣጥኑ ላይ የዘፋኝም የዘፈንም ስም አልነበረም፤ ከመጽሔት ተቆርጦ የተለጠፈ ፎቶግራፍ ብቻ ነበረበት። አራት ፊቶች ነበሩ። ጠጉራቸው እንደ ጎፈር የተነፋ፣ ዓይናቸው የተኳለ፣ ከንፈራቸው የቀላ። ፎቶግራፉ ለሣጥኑ እንዲበቃ ስለ ተቆረጠ ከአንገት በታች አልነበራቸውም። አራት ሴቶች ናቸው ብዬ አመንሁ። አመንሁ ማለቴም ትክክል አይደለም፤ ሰው የሚያምነው አንዴ የጠየቀውን ነገር ነው፤ እኔ ግን አልጠየቅሁም።

ይህን ዓይነት ሙዚቃ ሃርድ ሮክ፣ የእነዚህን ተኳኳዮች ዘርፍ ደግሞ ግላም ሜታል እንደሚሉት ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በሌላ አገር ነው። ያን ጊዜ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ቴፑን እንደምከፍት። ሁለቱን ጊታሮች ለይቼ እሰማ ነበር። ዘፋኟ ከመጮኋ በፊት የምትስባትን ትንሽ ትንፋሽ ጠብቄ አብሬ እስብ ነበር። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ ወፍሮ የወንድ ይመስላል፤ ድንጋዮቹን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣቸው ነበር። ጥፋቱ የባትሪው ነው ብዬ ተቀበልሁ። ግጥሙንም ሰምቼ ጻፍሁት፤ ባዶ ነበር፤ መኪና፣ መንገድ፣ ሌሊት፣ አንዲት ልጅ። ሴቶች ለአንዲት ሴት ልጅ ይህን ያህል መዝፈናቸው ትንሽ ግር አሰኝቶኛል፤ ነገር ግን የእኛም ሴቶች ለሙሽራ እንደሚዘፍኑ አሰብሁና ዝም አልሁ። አንድ ሰው ከተሳሳተ በኋላ ማስረጃ ሁሉ እንዴት እንደሚታዘዝለት የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በሙያዬም አላጋጠመኝም።

ለምን እንደያዘኝ ያን ጊዜ በግልጽ የማውቅ መስሎኝ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ከክፍሌ ወንዶች የተሻለ ውጤት ነበረኝ፤ በውይይት ክበብ ግን አስተያየት ስሰጥ የሚታረመው ሐሳቤ ሳይሆን ድምፄ ነበር። «ቀስ በይ፣ ማን ተቆጣሽ?» ይሉኛል። በመተማም በመምህራን ስብሰባ ርእሰ መምህሩ ይህንኑ በአክብሮት ቃል አሳምሮ ይደግመዋል። በአገሬ ሴት ጉሮሮዋን ከፍታ የምትጮኸው ስትወልድና ሰው ሲሞትባት ነው፤ እልልታውም ቢሆን ለሌላ ሰው ደስታ ነው። እነዚህ አራቱ ግን አልወለዱም፣ ሰውም አልሞተባቸውም። ያለ ምክንያት፣ ያለ ይቅርታ፣ ያውም ተኳኩለው ይጮኻሉ። ይበቃኝ ነበር።

ነገሩ የእኔ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ አልጽፈውም። ግን አንዲት ተማሪ ነበረችኝ።

የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት። እናቷ ሎሪዎች ለፍተሻ በሚቆሙበት ስፍራ ሻይ ቤት ነበራት፤ ልጅቱም ከሞተር ድምፅ በላይ ትእዛዝ እየጮኸች አድጋለች። ክፍል ውስጥ ስታነብ ወንዶቹ «ረዳቱ መጣ! ተሳፈሩ!» እያሉ ይስቁባታል። በዚያ ዓመት ከገዳሪፍ ሸቀጥ የሚያመላልስ፣ ሁለት ሚስት የፈታ ነጋዴ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ሠርጉ የሰሊጥ አጨዳ እንዳበቃ እንዲሆን ተቆረጠ። ልጅቱ ለማምለጥ አንድ በር ብቻ ነበራት። የክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ድምፃውያን ሊመለምል ነበር፤ የተመረጠ ጎንደር ሄዶ ደመወዝ፣ ማደሪያና የማታ ትምህርት ያገኛል። እናቷን ጠየቅኋት።

«መንግሥት ወሰዳት ከተባለማ እኔ ምን አቅም አለኝ?» አለች፣ ብርጭቆ እያጠበች። «ሰውየውም አፍ አይኖረውም። ግን በዚህ ድምፅ ማን ይወስዳታል?»

የትምህርት ቤቱን ኪነት የማሠለጥነው እኔ ነበርሁ፤ ሴት ስለሆንሁ ተሰጠኝ። ልጅቱን አስቀርቼ እንድትዘፍን ነገርኋት። እሷ ግን አንገቷን ደፋች።

«ቲቸር፣ የኔ ድምፅ እኮ የወንድ ነው።»

ካሴቱን ከፈትሁላትና ፎቶግራፉን እጇ ላይ አኖርሁት። እስኪያልቅ ሰማች።

«እነዚህ ሴቶች ናቸው?»

«ናቸው።»

«ባል አላቸው?»

«አላውቅም።»

«የላቸውም» አለች፣ በሙሉ እርግጠኝነት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝፈን ጀመረች። የተሰጠን መዝሙር ስለ ምርትና ስለ እናት አገር ነበር፤ ግጥሙን አልነካንም። አዝማቹን ግን እኔ ከካሴቱ እንደማውቀው፣ ትንፋሽ ስባ፣ ከደረቷ አንሥታ ወደ ላይ ትለቀዋለች። ልምምዳችን ላይ የወረዳው የኪነት ኃላፊ እየሮጠ ገባ።

«ጓድ መምህርት፣ ልጅቱን ማን መታት?»

«ማንም አልመታትም። የጭቁኗ ሴት ቁጣ ነው።»

«ጭቁን» ከተባለ በኋላ የሚቃወምበት መንገድ አልነበረውም። «ቁጣው ትንሽ ቢቀንስ» ብሎ ወጣ።

መልማዮቹ ሊመጡ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ልብስ ሰፊው ከሱቁ ደጃፍ ጠራኝ። ከገዳሪፍ የመጣለት ክርና ቁልፍ በመጽሔት ገጽ ተጠቅልሎ ነበር። ገጹን በመዳፉ አስተካክሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ሴቶችዎ መጡ፣ ቲቸር።»

ያው ፎቶግራፍ ነው፤ ነገር ግን ያልተቆረጠ። ያው ጠጉር፣ ያው ኩል፣ ያው ቀይ ከንፈር። ሸሚዛቸው እስከ እምብርት የተከፈተ ነበር። ደረታቸውን፣ የደረታቸውን ጠጉር፣ ማንቁርታቸውን፣ የዳሌያቸውን ስፋት በቅደም ተከተል ተመለከትሁ፤ ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ እንደማስረዳው። የሚያጠራጥር አንድም ምልክት አልነበረም።

«ወንዶች ናቸው» አልሁ።

«ያ ሰላም! አሁን ገና?» ሣቀ፤ ከዚያም ሣቁን ቆረጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔስ በስተቀኝ ያለችውን ወድጃት ነበር። ለሚስቴ እንዳይነግሩብኝ።»

ገጹን ይዤ ወጣሁ። ያ መንገድ እስከ ቤቴ አጭር ነው፤ ግን ሐሳቤን በአንድ አቅጣጫ ማስኬድ አልቻልሁም። አፍሬ አልነበረም፤ ኀፍረት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ስሙን አውቀው ነበር። እኛ የተከለከልነውን ጩኸት እነሱ የእኛን ኩል ተኩለው ጮኹት፤ ይህ ዘረፋ ነው አልሁ። ጥቂት እርምጃ እንደሄድሁ ደግሞ፣ ወንድ ሊጮኽ ሲፈልግ የሴት ፊት ካስፈለገው እኛ ያላወቅነው አንድ ነገር አለን ማለት ነው አልሁ። ሁለቱም ክርክር ያስኬዳል፤ አንዱ ሌላውን ያፈርሳል። ቤት ገብቼ ቴፑን ከፈትሁ፤ እጠላዋለሁ ብዬ። አልጠላሁትም። ትንፋሽ የምትሳብበት ቦታ ላይ ደረስሁና አብሬ ሳብሁ። እንግዲያው የወደድሁት ምን ነበር? ሴቶቹን ካልሆነ፣ ሴቶች ናቸው ማለቱንም ካልሆነ፣ ምን ቀረ? ዛሬም ይህን ጥያቄ በሚገባ አላስቀመጥሁትም።

ከተማሪ ማስረጃ መደበቅ አልችልም። በማግሥቱ ገጹን ለልጅቱ አሳየኋት። መጀመሪያ አፏን በእጇ ሸፍና ሣቀች፤ ከዚያ ብዙ አየችው።

«ወንድ ከሆኑ ማንም ሳይከለክላቸው መጮኽ ይችሉ የለም እንዴ?»

«ይችላሉ።»

«ታዲያ ምን አስኳላቸው?»

«አላውቅም።»

«እነሱ ሴት መስለው ከጮኹ፣ እኔ ምን መስዬ ልጩኽ?»

ፈተና ላይ ብትጠይቀኝ ጥያቄው ከትምህርቱ ውጭ ነው እላት ነበር። ገጹን አጥፋ መለሰችልኝና ወደ እናቷ ሻይ ቤት ሄደች። እስከ ምልመላው ቀንም ልምምድ አልመጣችም።

ከጎንደር የመጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ በቀበሌው አዳራሽ ተቀመጡ። ከእሷ በፊት የዘፈኑት ሴቶች ልጆች ድምፃቸው ቀጭንና ጥንቁቅ ነበር፤ መልማዮቹም እጃቸውን በአገጫቸው ላይ አኑረው ሰሟቸው። ልጅቱ ስትቆም በየትኛው ድምፅ እንደምትዘፍን አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ስንኝ ለስላሳ አድርጋ ጀመረችው። አዝማቹ ላይ ስትደርስ ግን ትንፋሿን ሳበች። ያን ዓይነት ድምፅ በዚያ አዳራሽ ከዚያ በፊት ተሰምቶ አያውቅም፤ ከዚያ በኋላም የተሰማ አይመስለኝም። በመስኮት በኩል የቆሙ ልጆች «ረዳቱ!» ብለው ጀመሩና መጨረስ አቃታቸው።

መልማዮቹ ተንሾካሾኩ። በዕድሜ የሚበልጠው ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ፣ ወንድ ድምፃውያኖቻችን ለብሔራዊ ውትድርና ሄደውብን መድረኩ ሴት በሴት ሆኗል። ይቺን ብንወስድ የወታደር ልብስ እናለብሳታለን። ፂም ይሳልላታል። ከሩቅ ማንም አይለያትም።»

«ሴት ናት» አልሁ።

«ይታያል እኮ።»

«እንግዲያውስ በሴትነቷ ትዝፈን።»

«በሴትነቷ ከሆነ ይሄ ድምፅ አይሆንም። የሴት ቦታ ደግሞ ሞልቷል። አሠልጣኟ እርስዎ ነዎት፤ ትሂድ ወይስ ትቅር?»

የምመልሰው ነበረኝ። ክርክሬ ሦስት ነጥብ ነበረው፤ ሦስቱም ትክክል ነበሩ። አፌን ስከፍት ልጅቱ ክንዴን ያዘችኝ።

«ቲቸር፣ ዝም ይበሉልኝ።»

በቀስታ ነው ያለችው፤ እንደ ልመና። ድምፄን እንድቀንስ የነገሩኝ ወንዶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም በየተራ ንቄያቸው አልፌያለሁ። እሷን መናቅ አልቻልሁም፤ መታዘዝም አሳመመኝ። «ትሂድ» አልሁ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

በወታደር መኪና ወሰዷት። ነጋዴው ወሬውን ሰምቶ ሻይ ቤቱ ድረስ መጣ። «ፂም ያላት ሚስት ምን ላድርጋት? ተራ በተራ ልንላጭ ነው?» ብሎ ለጥሎሽ የሰጠውን ስኳር ከነጆንያው አሸክሞ ሄደ። ሾፌሮቹ ሁሉ ሣቁ፤ እናቷም አብራ ሣቀች፤ ከዚያም እኔን ወደ ጓዳ ስባ አስገባችኝ።

«ልጄን አተረፍሽልኝ ወይስ አጠፋሽብኝ? አንዱን ንገሪኝና በሱ ልደር።»

«ከጋብቻው ተርፋለች።»

«እሱን መቼ ጠየቅሁሽ?»

ከወራት በኋላ የቡድኑ ዝግጅት በሬዲዮ እንደሚተላለፍ ሰማንና ሻይ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። አስተዋዋቂው የወንዶች ኅብረ ዝማሬ ነው አለ። ብዙ ድምፅ አንድ ላይ ሄደ፤ ወፍራም፣ እኩል፣ የታረመ። በመሐል አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ወጣ፤ ከመውጣቱ በፊት ትንሽ ትንፋሽ የሰማሁ መሰለኝ። ውጭ የቆመ ሎሪ ሞተሩን አስነሥቶ ስለ ነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

«እሷ ናት?» አለች እናቷ፣ ዓይኔን እያየች።

ድምፅ ሰምቼ ባለቤቱን በመለየት በኩል ያለኝን ችሎታ አውቀዋለሁ። እሷ እንድትሆን ፈለግሁ። በዚያው ቅጽበት እንዳትሆንም ፈለግሁ፤ በፂም የተሸፈነ አፍ ከዚያ ድምፅ ኋላ እንዳለ ማሰብ ስላልቻልሁ። «እንጃ» አልኋት።

እናቷ ወደ በሩ ሮጠች። «ሞተር አጥፋ! አንተ፣ ሞተር አጥፋ!» ስትል መላው መንገድ ዞሮ አያት። ሾፌሩ ደንግጦ ቁልፉን ሳበ። ፀጥ ሲል ዝማሬው አልቆ የሰሊጥ ምርት ዜና እየተነበበ ነበር።