የእትዬ ዘነቡ ጆሮ

ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ አንዲት እናት ስማቸው ሲጠራ ሳይሰሙ ቀሩ። ነርሷ ሦስቴ ጠርታ ወደሚቀጥለው አለፈች። ያኔ እትዬ ዘነቡ ትዝ አሉኝ።

በሃያዎቹ ዕድሜዬ ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር ውስጥ፣ መስማት ለተሳናቸው ማዳመጫ በምትሠራ ትንሽ ወርክሾፕ ተቀጥሬ ነበር። የማዳመጫውን ፕሮግራም የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ፕሮግራሙ ድምፁን ተቀብሎ፣ ጫጫታውን አጥርቶ፣ ቀጣዩ ድምፅ ሳይደርስበት ለጆሮ ማቀበል አለበት። ለቅጽበት ከዘገየ ቃል ይቆረጣል። እትዬ ዘነቡ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ትእዛዝ ይቀበሉ ነበር። ጆሯቸው ስለደከመ አንዱን እንዲሞክሩልን ሰጠናቸው።

ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል ከተማዋን በአቧራ በሸፈነበት ቀን ከሚኖሩበት ከሶባ በሐፍላ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ነጠላቸውን እያራገፉ ገቡ። ድምፁ መሃል ላይ ይዋጣል አሉኝ። ማዳመጫውን ከኮምፒውተሬ ጋር በሽቦ አገናኝቼ አነጋገርኳቸው፤ አንድም ቃል አልተቆረጠም። በሌላ ቀንም መጡ፣ ያው ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ የመጡት በምሳ ሰዓት ነበር፤ ፉሌ እየቀዘቀዘ ነው።

«እትዬ፣ ማዳመጫው ደህና ነው። ጆሮዎት ነው» አልኳቸው።

«ማዓሌሽ፣ ይቅርታ ልጄ፣ አስቸገርኩህ» ብለው ወጡ።

ከወር በኋላ ሌላ ተመሳሳይ ማዳመጫ ራሴ አድርጌ ሳወራ የባልደረባዬ ቃል ተዋጠብኝ። የኮምፒውተሩን ሽቦ ስሰካ ችግሩ ጠፋ። ፕሮግራሙን አቁሜ እንዳልመረምረው፣ ሲቆም ድምፁም አብሮ ይቆማል። በመጨረሻ ፕሮግራሙ በዘገየ ቁጥር የምትበራ ትንሽ መብራት አሰርኩበትና ሽቦውን ነቀልኩት። መብራቷ ብልጭ ትል ጀመር። ማዳመጫው በባትሪ ብቻ ሲሆን ኃይል ለመቆጠብ ያንቀላፋል፤ ታዲያ ዘግይቶ ይነቃል። በሽቦ ሲያያዝ ግን አይተኛም። እንዲያንቀላፋ ያዘዝኩት እኔው ነበርኩ።

በማግስቱ ያረምኩትን ይዤ ሶባ ሄድኩ። በሥራ ሰዓት ቤት አገኘኋቸው። ሁለት ጊዜ ትእዛዝ አሳስተው፣ ማንም ሳያስወጣቸው ሥራውን በገዛ ፈቃዳቸው ትተውታል። ጥፋቱ የኔ እንደነበር ነገርኳቸው።

«እንግዲያ ልክ ነበርኩ?» አሉ።

«ልክ ነበሩ፣ እትዬ።»

ቀዝቃዛ የከርከዴ አበባ ሻይ ቀዱልኝ። ማዳመጫውን ግን አላደረጉትም፤ ኢንሻላህ ሌላ ቀን አሉ፣ የሚሻለውን ጆሯቸውን ወደ እኔ እያዞሩ።

ዛሬ ጸጉሬ ሸብቷል። ከሱዳኑ ጦርነት ወዲህ የት እንደደረሱ አላውቅም። ስሕተት የማይጽፍ ሰው የለም፣ እሱ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ እሳቸው የሰሙትን ሊነግሩኝ ሦስቴ ሲመላለሱ እኔ ኮምፒውተሬን ማመኔ ነው። አንድ ቀን ምግብ ቤታቸው ሄጄ አጠገባቸው ብውል ኖሮ፣ ምሳ ሳያልቅ ስሕተቱን በደረስኩበት ነበር።