ለሠርጌ የተጠራቀመው ቅቤ

ቤተ ክርስቲያናችን ከሶዶ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ዳሞታ ተራራ ሥር ያለች የሣር ጎጆ ነበረች። ሥዕል የላት፣ ወንበር የላት፤ የእንሰት ቅጠል አንጥፈን ነበር የምንቀመጠው። ያለችን አንዲት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ናት። ዋናው ሽማግሌያችን ማንበብ አይችሉም፤ ግን አዲስ ነገር ይዞ የመጣውን ሁሉ “የት ተጽፏል?” እያሉ መድረሻ ያሳጡታል። እኔ ሶዶ ተምሬ አራተኛ ክፍል ስደርስ አንባቢ ሆንኩ። እኔ በአማርኛ አነባለሁ፣ እሳቸው በወላይትኛ ይተረጉማሉ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ለአንድ የገሱባ ሰው ታጨሁ። እናቴ ወራት ሙሉ ቅቤ ስታጠራቅም ከረመች። በእኛ አገር ወንዱም ሴቱም ለደስታ ቀን አናቱን ይቀባል፤ ደረቅ ራስ የሐዘንተኛ ነው። ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ሽማግሌው ቤታችን መጡና፣ “ቅቤ መቀባት ለጣዖት ስንሰግድ የነበረን ልማድ ነው። ልጅቷን ከቀባሻት ከጌታ እራት ትታገጃለሽ” አሏት እናቴን።

እናቴ ሁለት ቀን አለቀሰች። ከጌታ እራት መለየት አትችልም፤ ልጇንም እንደ ሐዘንተኛ መሸኘት አልሆነላትም። በመጨረሻ “በቃ፣ ቅቤው ይቅር” አለች። የእኔ ደም ግን ፈላ። ቁጡ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።

እሑድ ንባቡ ሲያልቅ መጽሐፉን አልዘጋሁም። “አባባ፣ ሙሽራ ቅቤ እንዳትቀባ የሚል የት ተጽፏል?” አልኳቸው።

እናቴ ቀሚሴን ጎተተችኝ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ የራሳቸውን ጥያቄ ነበር የመለስኩላቸው። ሽማግሌው ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ “እኔ የሰማሁት የለም። መጽሐፉ በእጅሽ ነው፤ እስቲ ፈልጊ” አሉኝ።

ገጽ በገጽ ገለጥኩ። ጌታ ስለ ጾም ያስተማረበትን ቦታ አገኘሁ፤ የሚጾም ሰው ፊቱን ይታጠብ፣ ራሱንም ይቀባ ይላል። ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው በወላይትኛ፣ “ጌታ በጾም ቀን እንኳ ተቀቡ ብሏል። እኔ ለሠርግ ከለከልኩ። ያልተጻፈ ሸክም ያሸከምኳችሁ እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ” አሉ።

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። በልጅ ፊት ተሳሳትኩ ያለ አባት ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። እናቴ እልል ስትል ቤቱ ሁሉ ተቀበላት፤ እኔም ሳቅና እንባ ተቀላቀለብኝ።

የሠርጌ ዕለት ሴቶቹ እየዘመሩ ቅቤውን አናቴ ላይ ቆለሉት። ሽማግሌው ሊመርቁን መጡ። መርቀው ሲጨርሱ ግን አልሄዱም፤ ቆባቸውን አውልቀው እናቴ ፊት ጎንበስ አሉ።

“ለእኔም ትንሽ አድርጊልኝ፣ እኅቴ” አሉ። “ጌታን ካመንኩበት ቀን ጀምሮ ማንም ሳያዘኝ እንደ ሐዘንተኛ ነው የኖርኩት።”

እናቴ እፍኝ ሙሉ ዘግና አናታቸው ላይ አደረገችላቸው።