በየኔታ አንገት ላይ ያንጠለጠልኩት ማኅደር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከንስሐ አባቴ እንኳ ደብቄዋለሁ፤ ለምን እንደደበቅሁ ኋላ ትረዱታላችሁ።

በደርግ ጊዜ ላሊበላ ውስጥ ለመጻሕፍት የቆዳ ማኅደር እሰፋ ነበር። ልባሷ የተሰባበረ፣ ሽቦዋና ሆዷ የተገለጠ ትንሽ ሬዲዮ ነበረችኝ። ለእሷም ማኅደር ሠራሁላት። በዳዊት ልክ በተጠረበ እንጨት ላይ እርጥብ ቆዳ ወጥሬ አደረቅሁ፣ በወስፌ በሳሁ፣ በጠፍር ሰፋሁ። መጽሐፍ እንዳይንገዋለል እንደለመድኩት አጥብቄ ሰፋሁት። ያየው ሁሉ ዳዊት ነው የሚለው። እኔ ግን የአማፂዎቹን ጣቢያ አዳምጥባት ነበር። በዚህ የተያዘ ሰው አይመለስም።

የቤት ለቤት ፍተሻ ሊጀመር ነው ሲባል ፈራሁ። በማግስቱ ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታን ተራራው ላይ ካለው ገዳም፣ አሸተን ማርያም፣ ላደርሳቸው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ዳዊቱን በቃላቸው ስለሚደግሙ ማኅደሩን አይከፍቱትም። እሳቸውን ማን ይፈትሻል? አልኩ። ዳዊታቸውን ደብቄ የሬዲዮዋን ማኅደር አንገታቸው ላይ አንጠለጠልኩት። እኔ ነኝ ያንጠለጠልኩት፣ በእነዚህ እጆቼ።

«ዛሬስ ዳዊቱ ከበደኝ» አሉኝ መንገድ ላይ።

«እርጅና ነው የኔታ» ብዬ ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ።

ከከተማው መውጫ የቆመው ጥበቃ የአገር ልጅ ነበር። አልፈተሸም። «የኔታ፣ ዳዊቱን ያሳልሙኝ» ብሎ ጎንበስ አለ። ግንባሩን ጫን ሲያደርግ፣ ያ አጥብቄ የሰፋሁት ቆዳ የሬዲዮዋን ማብሪያ ተጫነው። የጣቢያው ሰውዬ ከማኅደሩ ውስጥ መናገር ጀመረ።

የጥበቃዎቹ አለቃ ሮጦ መጣ። «የማን ነው?»

የኔታ ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት። እጄን ያውቁታል። «ካንገቴ ላይ ያለው የኔው ነው» አሉ።

አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ለምን አልተናገርኩም? ነፍሴን ወደድኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ልጅ ነበርኩ እንዳልል የልጆች አባት ነበርኩ። ወሰዷቸው። አስከሬናቸው እንኳ አልተገኘም።

ዳዊታቸውን «አደራ ብለውኝ ነው» ብዬ ለልጃቸው ሰጠሁ። ዋሸሁ። ልጃቸው ዛሬ ቄስ ናቸው፤ የንስሐ አባቴም እሳቸው ናቸው። ቤቴ በመጡ ቁጥር ያንን ዳዊት ያሳልሙኛል። «እንዳንተ ያለ አደራ ጠባቂ እግዜር ያብዛልን» ብለው ይመርቁኛል።

እኔም አሜን እላለሁ።