ዱላ ጥሎ መሮጥ

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በከሚሴ ከተማ በውሸታምነቱ የታወቀ ሰው ነበር። ይህ ስም የወጣለት፣ ሰው አታሎ ወይም በሐሰት መስክሮ አይደለም፤ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ ብሎ ነው።

በወጣትነቱ አስመራ ሄዶ በአሜሪካኖች የጦር ሰፈር ወጥ ቤት ሰሃን ሲያጥብ ኖሯል። ወታደሮቹ የአገራቸው የውድድር ዓመት ሲጀመር ሬዲዮ ከበው ይቀመጣሉ፤ እሱም ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አብሯቸው ይሰማል። አንድ ጥቁር ወታደር ወዳጅ ነበረው፤ የሬዲዮውንም የድሮውንም እያደባለቀ በእጅ በእግሩ ያስረዳው ነበር። ከዚያ ሁሉ ዘመን አጎቴ ይዞ የተመለሰው የመክፈቻ ቀን ወሬ ብቻ ነው። ዋንጫውን ማን እንደበላ ብትጠይቁት አያውቅም፤ የመጀመሪያው ቀን ምን እንደተደረገ ግን ትናንት ያየው ያህል ይነግራችኋል።

ከወሬዎቹ ሁለቱን ከተማው በቃሉ ይዟቸው ነበር። አንደኛው ስለ መሪያቸው ነው። የውድድር ዓመቱን የሚከፍተው የአገሩ ፕሬዚዳንት ሲሆን ከወንበሩ ተነስቶ ኳስ ይወረውራል፤ አንዱ ፕሬዚዳንት ታዲያ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እጁ ወረወረ። ሁለተኛው ጥቁር ከነጭ ጋር እንዳይጫወት ተከልክሎ በኖረበት ሜዳ መጀመሪያ ስለገባው ጥቁር ሰው ነው። አገር ሁሉ ዓይኑን ተክሎበት ሳለ በዚያ ቀን አንድም ኳስ በወጉ አልመታም። ብቻ ኳሷን በዱላው ነካ አድርጎ ሮጠ፣ ኳስ ያዦቹ ሳቱ፣ በኋላም ሜዳውን ዞሮ ቤቱ ገባ። ቤት የሚሉት ዱላ ይዘው የሚቆሙበትን መነሻ ቦታ ነው። አጎቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ድምፁ ይለወጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጫት ሲቃም ይህን ወሬ የሚያስጀምረው አንድ የከብት ነጋዴ ነው። ባቲና ከሚሴ ሲመላለስ ያረጀ፣ የበሬን ጥርስ አይቶ ዕድሜውን የሚናገር፣ ሰውንም በዚያው ዓይን የሚያይ ሽማግሌ ነው። አጎቴ እስኪጨርስ ይጠብቅና፣ “ሳይመታ እንዴት ይገባል?” ይለዋል። መልስ ሳይጠብቅም፣ “ሶባ ነው። በአማርኛም ውሸት ነው” ብሎ ይደመድማል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ አጎቴም አብሮ ይስቃል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን አይስቅም ነበር።

ባጃጅ ከተማችን በገባ ሰሞን እኔ የስፖርት መምህር ነበርኩ። አንድ ቀን በእርዳታ የመጣ ትልቅ ካርቶን ትምህርት ቤታችን ደረሰ። ተከፍቶ ሲታይ ትንንሽ ጠንካራ ኳሶች፣ አንድ ወፍራም ዱላና የቆዳ ጓንቶች ወጡ፤ ጓንቶቹ ሁሉም የግራ እጅ ናቸው። የንብረት ክፍል ኃላፊው ወዲያው ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴውም ብዙ ሻይ ከጠጣ በኋላ የቀኝ እጆቹ መንገድ ላይ መሰረቃቸውን አረጋገጠ። ካርቶኑን ያመጣው ምስኪን ሾፌር ተጠርቶ ቃሉን ሰጠ።

አንዱን ጓንት ወስጄ ለአጎቴ አሳየሁት። ግራ እጁን ከተተበት። ቀኝ እጅ የሚወረወርበት ስለሆነ ባዶውን እንደሚሆን ነገረኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

“ልጄ፣ አንድ መክፈቻ አሳየኝ” አለኝ። “ውሸታም ተብዬ አልቀበር።”

እንዴት እምቢ ይባላል? ከከተማው ወጣ ብሎ በጨፋ በኩል ያለውን ሜዳ አስጠረግኩ። በማዳበሪያ ጆንያ ገለባ ሞልተን ሯጩ እየረገጠ የሚያልፋቸውን ማረፊያዎች በአራት ማዕዘን አስቀመጥን። ከተማሪዎቼና ከገጠር ጎረምሶች ሁለት ቡድን ሠራሁ። መክፈቻ የሚል ቃል የሰማ ባለሥልጣን መቅረት ስለማይሆንለት ከዞኑ አንድ ኃላፊ መጡ፤ ጨርቅ የለበሰ ወንበርም አብሯቸው መጣ።

ሽማግሌዎች ዱዓ አደረጉ። ኃላፊው ስለ መልካም አስተዳደርና ስለ መስኖ ተናገሩ፤ ስለ ጨዋታው ያሉት ነገር አልነበረም። ከዚያ ኳሷን በቀኝ እጃቸው ወረወሩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ካሜራ የያዘው ልጅ ግን ባትሪ እየቀየረ ነበርና ሁሉም አመለጠው። ይደገም ተባለ። ኃላፊው የቀኝ ትከሻቸውን አሻሹና በግራ ወረወሩ።

ወደ ነጋዴው ዞር ብዬ አየሁ። አፉ ውስጥ ያለውን ጫት ማላመጥ አቁሟል። አጎቴ ሜዳው ዳር ካለው ዛፍ ስር ሆኖ ጢሙን ይዳብሳል።

ችግሩ የመጣው ጨዋታው ሲጀመር ነው። ከካርቶን የወጣው ዱላ ቁርጥ ዘነዘና ነው። ቡና መውቀጫ ይዞ በሕዝብ ፊት የሚቆም ወንድ ከየት ይምጣ? ሁሉም የየራሱን ዱላ ይዞ ገባ። የመጀመሪያው የጨፋ ጎረምሳ ኳሷን እንዴት አድርጎ መታት ልበላችሁ፣ ከሜዳው ማዶ ያለው ማሽላ ውስጥ ገብታ ጠፋች። እሱ ግን ዱላውን ተደግፎ ቆመ። ሩጥ አልኩት። ማን እንደሚያባርረው ጠየቀኝ። ዱላህን ጥለህ ሩጥ ስለው ደግሞ የሰደብኩት መሰለው፤ መትቶ፣ ዱላ ጥሎ የሚሸሽ ሰው በእነሱ አገር ምን እንደሚባል አውቃለሁና አላስገደድኩትም። ሌላው ምክሬን በከፊል ሰማና ዱላውን ወደ ላይ እንዳነሳ ሮጠ። ያዦቹም ነፍሴ አውጪኝ ብለው ተበተኑ።

ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ። ሰው ልብሱን እያራገፈ መነሳት ጀመረ። ነጋዴውም ነፍስ ዘራ፦

“ወላሂ፣ ኡሌውን፣ ዱላውን ጥሎ የሚሮጥ ወንድ ያለበት አገር የለም። ጨዋታው ራሱ ሶባ ነው።”

አጎቴ ከዛፉ ስር ተነሳ። መሄጃ ዱላውን ተመርኩዞ፣ እያነከሰ መሃል ገባና ወርውር አለ። ወርዋሪው አመነታ፣ እኔም ልከለክለው ፈለግኩ፤ እንዳያፍርብኝ ፈራሁ። ኳሷ መጣች። አጎቴ ነካ አደረጋት፤ በወጉ መታት አይባልም። ከዚያ ዱላውን አቧራው ላይ ጣለና ሮጠ።

ሩጫ ካልነው ነው። ወርዋሪው ኳሷን አንስቶ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ሲልካት አልፋ ሄደችና የኃላፊው ወንበር ስር ተወሸቀች። ያዡ ተንደርድሮ ደረሰና ቆመ። ከባለሥልጣን ወንበር ስር ማን ጎንበስ ብሎ ያወጣል? ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሳ። ኃላፊውም ሰላምታ መስሏቸው በእጃቸው መለሱ። ተጫዋቾቹ ሁሉ ተሰብስበው ፈቃድ ሲጠባበቁ አጎቴ አንዱን ጆንያ አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ ሦስተኛው ላይ ተደናቅፎ ተነሳ። ሲስቅ የነበረው ሕዝብ አሁን ቆሞ ያየዋል። ዞሮ የተነሳበት ደረሰና ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

የዚያ ዓመት ውድድር በደማቅ ሁኔታ መከፈቱ ለዞኑ ሪፖርት ተደረገ። ከዚያ በኋላ የተደረገ ጨዋታ የለም፤ ጓንቶቹም ቀኛቸው እስኪገኝ ተብሎ ተቆለፈባቸው።

አጎቴ ግን ያን ዕለት ትንፋሹ እስኪመለስ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ልደግፈው ስሄድ ነጋዴው ቀደመኝ። ዱላውን ከአቧራው አነሳ፣ በሽርጡ ጫፍ ከላይ እስከ ታች ጠረገና በሁለት እጁ አቀረበለት።

“ሳይመታም ይገባል ለካ” አለው።